24 ተመሳሳይ ሰማዮች፦ ቫን ጎን ከመቅዳት ቀለም ወደ መምረጥ

ሥዕሎቹን ክፍሉ ውስጥ በወጠርነው ገመድ ላይ ሰቅለን እንዲደርቁ ተውናቸው። በማግስቱ አንድ ልጅ የራሱን ሊያወርድ መጣ። ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ተመለሰ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ከኋላቸው ስሙን መፈለግ ጀመረ።

የሣለው እሱ ነው። ከፊት አይቶ ግን ሊያውቀው አልቻለም።

እኔም ብሆን አልለየውም ነበር። 24 ወረቀት፣ 24 የሚሽከረከር ሰማይ፣ 24 ቢጫ ጨረቃ፣ በግራ በኩል 24 ጥቁር ዛፍ። ሁሉም ያምራል። ማንም ቢያየው "ጎበዞች!" ይላል። እኔን ግን የዚያ ልጅ ጣቶች ወረቀት ሲገለብጡ ማየቴ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ በስድስት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን እንዳደረግን፣ ምኑ እንደሠራና ምኑ እንዳልሠራ የሚተርክ ነው። የሥዕል አስተማሪ ለሆናችሁ፣ ወይም ቤት ውስጥ ከልጅ ጋር ቀለም ለምትነኩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የተሰጠን ሥራ

ልጆቹ 12 እና 13 ዓመታቸው ነው። ርዕሱ "በአንድ ሠዓሊ ሥራ በመነሳሳት ደማቅ የመልክዓ ምድር ሥዕል መሥራት" የሚል ነበር። ሠዓሊውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፦ ቪንሰንት ቫን ጎ። ልጆች ቶሎ ይወዱታል። ቀለሙ ከሩቅ ይጣራል። የብሩሹ አሻራ ወረቀት ላይ እንደ ዱካ ይታያል፤ እንዴት እንደተሠራ የሚደብቀው ነገር የለም።

በ1889 የሣለውን ያንን በዓለም የታወቀ የከዋክብት ሌሊት አሳየኋቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ሠራሁላቸው። መጀመሪያ ጨረቃዋን፣ ቀጥሎ በዙሪያዋ ክብ ክብ መስመር፣ ቀጥሎ መሐሉ ላይ ትልቁን ሽክርክሪት፣ መጨረሻ ላይ ዛፉን። ልጆቹ ተከተሉኝ። ታዛዦች ናቸው። ያልኳቸውን አንድም ሳያጎድሉ አደረጉ።

ችግሩም እዚያው ነበር። ቫን ጎ ያን ሥዕል የሠራው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ ውስጥ ለአእምሮ ሕመም በሚታከምበት ቤት ነው። ክፍሉ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ነበረው። በዚያ መስኮት ንጋት ከመምጣቱ በፊት ያለውን ሰማይ ሲያይ ቆይቶ፣ ቀን ላይ ከትዝታውና ከምናቡ ቀላቅሎ ሣለው። ሽክርክሪቱ እሱ ላየው ሰማይ የሰጠው መልስ ነው። እኔ መልሱን ለልጆቹ ሰጥቼ ጥያቄውን ከልክያቸዋለሁ።

እሱ ራሱ እንዴት ተማረ?

ወደ ኋላ ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ። ቫን ጎ ሲጀምር ደማቅ ሠዓሊ አልነበረም። በ1885 በሆላንድ የሣላቸው፣ በመብራት ሥር ድንች የሚበሉ ገበሬዎች የጨለሙ ናቸው። የፊታቸው ቀለም ያልተላጠ፣ አፈር ያልለቀቀው ድንች እንዲመስል መፈለጉን ለወንድሙ ለቴዎ ጽፎለታል። ደማቁ ቫን ጎ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደግሞም በልምምድ ነው የመጣው። በ1886 ፓሪስ ከገባ በኋላ አበባ በአበባ ላይ እየደራረበ ሣለ። ሰማያዊን ከብርቱካናማ፣ ቀይን ከአረንጓዴ፣ ቢጫን ከሐምራዊ ጋር ማፋጠጥ ነበር ዓላማው፤ እነዚህ ተቃራኒ የሚባሉ ጥንዶች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው ግን አንድ ትንሽ ቀይ ሳጥን ነው። ዛሬ በአምስተርዳሙ የቫን ጎ ሙዚየም ይገኛል። ውስጡ የሱፍ ክር ልቃቂቶች አሉ። የተለያየ ቀለም ያላቸውን ክሮች አንድ ላይ እየጠቀለለ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያይባቸው ነበር። ቀለም ሳያባክን፣ ብሩሽ ሳያነሳ።

ነገሩ ከክር መጀመሩ አያስገርምም። የቀለም ንፅፅርን ሕግ የጻፈው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሼቭረል በፓሪሱ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ሽመና ድርጅት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። "ጥቁሩ ክር ደብዝዟል" የሚል ቅሬታ ደረሰው። ክሩን መረመረው፤ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የማቅለሚያው አልነበረም። ጥቁሩን ያደበዘዘው ጎኑ የተሸመነው ቀለም ነው። ከዚያ ተነስቶ የሠራውን ጥናት በ1839 አሳተመ። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ሠዓሊዎች የቀለም ትምህርታቸውን ከእሱ ወይም እሱን ካነበቡ ሰዎች ነው የወሰዱት። ቫን ጎም አንዱ ነው።

ሦስተኛው ያገኘሁት ነገር ለሥራው ሁሉ መንገድ ከፈተልኝ። ቫን ጎ እሱም በሌላ ሠዓሊ "ተነሳስቶ" ሠርቷል። ሳን ሬሚ ሳለ የዣን ፍራንሷ ሚዬን ከ20 በላይ ሥራዎች ሣለ። ፊቱ የነበሩት ግን ጥቁርና ነጭ ሕትመቶች ናቸው። ቀለሙን ከየትም አልቀዳም፤ ራሱ መረጠው። ሥራውን ወደ ሌላ ቋንቋ፣ ወደ ቀለም ቋንቋ ከመተርጎም ጋር አመሳስሎታል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ዕቅዴ ወዲያው ተቀየረ። ልጆቹ ፊት የምናስቀምጠው ቀለም የሌለው ነገር መሆን አለበት።

ክሮቹ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ብሩሽ አልነበረም። የሱፍ ክርና የእጅ መዳፍ የሚያህል ካርቶን ብቻ። ሥራው ቀላል ነው፦ ሁለት ቀለም ምረጡ፣ ካርቶኑ ላይ ጎን ለጎን ጠቅልሉ፣ ከዚያ አንዱን እንዳለ ትታችሁ ሌላውን ቀይሩ።

መጀመሪያ ላይ ጫጫታ ብቻ ነበር። ልጆቹ የሚወዱትን ቀለም ሁሉ ጠቀለሉ፤ ካርቶኑ ቀስተ ደመና ሆነ። አንዷ አሥር ያህል ቀለም ተጠቅማ "ቲቸር፣ ለምንድነው የማይደምቀው?" አለችኝ። ጥያቄዋን ለክፍሉ መልሼ ጠየቅኩ። ጎኗ የተቀመጠው ልጅ ቀይና አረንጓዴ ብቻ ጠቅልሎ ነበር። ሁለቱን ካርቶኖች ግድግዳ ላይ አስደግፈን ከክፍሉ ጫፍ አየናቸው። የአሥሩ ቀለም ከሩቅ ሲታይ አመድ መሰለ። የሁለቱ ቀለም ይንቀጠቀጣል።

ደማቅ ማለት ብዙ ቀለም ማለት አይደለም። ይህን ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ኖሮ ደብተራቸው ላይ ገልብጠውት ያልፉ ነበር። አሁን ግን ክርክር ሆነ። ጮኹ፣ ቦታ ተቀያየሩ፣ መጋረጃ ዘግተው አዩት።

ከዚያ ግራጫውን ክር አወጣሁ። አንድ ብርቱካናማ ካርቶንና አንድ ሰማያዊ ካርቶን ላይ ከዚያው ልቃቂት ትንሽ ትንሽ ጠቀለልኩ። ብርቱካናማው ላይ ያለው ግራጫ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ሰማያዊው ላይ ያለው ሞቅ አለ፤ ወደ ብርቱካናማ ተጠጋ። ሁለት ልጆች ድርቅ አሉ፦ "ከሁለት ልቃቂት ነው የወሰድከው!" እሺ ብዬ ክሩን ሳልቆርጥ ከአንዱ ካርቶን ወደ ሌላው አሻግሬ ዘረጋሁት። አንዱ ልጅ ፊቱን ክሩ ላይ ሊያስነካው ምንም አልቀረውም። በጣቱ ከብርቱካናማው ወደ ሰማያዊው እየተከተለ፣ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። መለሰው። እንደገና ሄደ። ያ ጣት የስድስቱ ክፍለ ጊዜ ምርጥ ደቂቃ ነበር።

ለዚህ ሥራ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው የሰጠሁት። ሁለት መሆን ነበረበት።

ቀለም አልባው ፎቶ

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ የአንድ መልክዓ ምድር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደረሰው። ኮረብታ፣ መንገድ፣ ጥቂት ዛፎች፣ ሰፊ ሰማይ። ሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ስድስት የተለያዩ ቦታዎች መረጥኩ። ትእዛዙ ይህ ነበር፦ አንድ ተቃራኒ ጥንድ ምረጡ፣ ነጭ ጨምሩበት፣ ሌላ ቀለም አይፈቀድም።

ወዲያው ሰማዩን ሰማያዊ፣ ሣሩን አረንጓዴ አደረጉት።

አልፈርድባቸውም። ቋንቋችን ራሱ ሰማዩን ቀብቶ ነው የሚሰጠን። "ሰማያዊ" ስንል "የሰማይ የሆነ" ማለታችን ነው። ልጅ ቃሉን ሲማር ቀለሙ አብሮ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሰማይን ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ ስሙ በቂ ነው። ስለዚህ አንድ ክልከላ ጨመርኩ። ለዛሬ ብቻ፣ ሰማዩ ላይ ሰማያዊ ክልክል ነው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያኔ ነው የቫን ጎን ሌላ ሥዕል ያወጣሁት። በ1888 ሰኔ፣ በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው አርል ከተማ አካባቢ የሣለው "ዘሪ" ነው። ሰማዩ ቢጫ ነው፤ ፀሐይዋ አድማሱ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አቅልማዋለች። የታረሰው መሬት ደግሞ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። ሰማይና ምድር ቀለም ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። ግን ሥዕሉን ያየ ማንም ሰው "ይህ ሰማይ አይደለም" አይልም። ለሁለት ደቂቃ ብቻ አሳይቼ ሸፈንኩት። ረዘም ካለ ይቀዳል።

ቀጥሎ የመጣው ችግር እኔ ያልጠበቅኩት ነው። ቀለሙን መረጡ፣ ደፈሩ፣ ግን ሥዕሉ ጠፍጣፋ ሆነ። መንገዱና ኮረብታው ተጣበቁ፤ ሩቅና ቅርብ ጠፋ። ምክንያቱ ልጆቹ የቀለሙን ዓይነት ብቻ መርጠው ብርሃኑንና ጥላውን መርሳታቸው ነው። እዚህ ላይ ጥቁርና ነጩ ፎቶ ሁለተኛ ጥቅም ሰጠን። ፎቶው ላይ ያለው ግራጫ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ቦታው በፎቶው ነጣ ያለ ከሆነ የምትመርጠው ቀለም የፈለገውን ይሁን፣ ነጣ ያለ መሆን አለበት።

ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ሥዕሉን በስልክ አንስቶ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር። ከመነሻው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የተሳሳተው ቦታ ራሱ ይጮኻል። ስልክ ከሌለ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየትም ይሠራል። አንዲት ልጅ ቀይና አረንጓዴ መርጣ ነበር። በስልኩ ስታየው ዛፉና መሬቱ አንድ ግራጫ ሆነው ጠፉ። ደነገጠች። ቀይና አረንጓዴ ብርሃናቸው ተቀራራቢ ስለሚሆን ዓይን ላይ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ቅርጽ አይለዩም። ቢጫና ሐምራዊ ግን አንዱ በተፈጥሮው ብሩህ፣ ሌላው በተፈጥሮው ጨለማ ነው። ያን ጥንድ የመረጡት ልጆች ሥራ የቀለላቸው ለዚህ ነው። ልጅቷ ግን ጥንዷን አልቀየረችም። አረንጓዴዋን በነጭ አቅጥና ቀዩን እንዳለ ተወችው። ዛፏ ተመልሶ ቆመ።

ጭቃው

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አብዛኛው ሥዕል ጭቃ ሆነ።

ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ ይደማመቃሉ። ሲቀላቀሉ ግን ይገዳደላሉ፤ ቡኒ ወይም ግራጫ ይወጣቸዋል። ልጆቹ ብርቱካናማው ሳይደርቅ ሰማያዊውን ጎኑ ሲያደርጉ ድንበሩ ላይ ተዋዋጡ። ያው ስሙን ከወረቀቱ ኋላ ሲፈልግ የነበረው ልጅ ብርቱካናማ ሰማይ ሠርቶ ነበር፤ ግሩም ሰማይ። ኮረብታውን በሰማያዊ ሲጀምር ከሥሩ ቡኒ ወንዝ ፈሰሰ። ብሩሹን አስቀምጦ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

ሁለት ብሩሽና ሁለት የውሃ ኩባያ እንዲይዙ አደረግኩ። አንዱ ለሞቃቱ ቀለም፣ ለምሳሌ ለብርቱካናማው፤ ሌላው ለቀዝቃዛው፣ ለምሳሌ ለሰማያዊው። ይህ ግማሹን ፈታው። ቀሪውን የፈታችው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። በሁለቱ ቀለሞች መካከል የክር ውፍረት ያህል ነጭ ወረቀት ትታ ሄደች። ማንም አልነገራትም። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት በትከሻዋ ወደ ክሮቹ ካርቶን ጠቆመችኝ፤ እዚያ ላይ ክሮቹ አይነካኩም ነበር። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ዘጠኝ ልጆች ነጭ ክፍተት እየተዉ ይሠሩ ነበር።

የብሩሽ ምቱም በዚሁ መጣ። ቀለም የሚለየው ምት በምት ካስቀመጡት ነው፤ ካሹት ይዋዋጣል። ቫን ጎ አርል ሳለ በሸምበቆ ብዕር የሠራቸውን ንድፎች አሳየኋቸው። እዚያ ላይ ሜዳው ነጥብ ነው፣ ሣሩ አጭር ጭረት ነው፣ ዛፉ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ፎቶው ላይ በእርሳስ ቀስት ሠሩ፦ መሬቱ ወዴት ይተኛል፣ ዛፉ ወዴት ያድጋል፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል። ከዚያ ብሩሹ ቀስቱን ተከተለ። ያኔ ሽክርክሪት የሠራ ልጅ ካለ፣ ሽክርክሪት የሚፈልግ ነገር ስላገኘ ነው። አንዱ ወንዙ ድንጋይ ላይ ሲጠማዘዝ እዚያ ላይ ብቻ አዞረው። አቀፍኩት።

ስለ ቀለሙ ራሱ አንድ ማስታወሻ። ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ቀይ ብዙ ጊዜ ወደ ብርቱካናማ ያዘነበለ ነው። ከሰማያዊ ጋር ሲደባለቅ ሐምራዊ አይወጣውም፤ ቡኒ ይሆናል። ልጁ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ወደ ሮዝ ያዘነበለ ቀይ አምጡ፣ ወይም የተዘጋጀ ሐምራዊ ስጧቸው። ይህን ቀድሜ ባረጋግጥ ኖሮ ቢጫና ሐምራዊ የመረጡት ልጆች ሃያ ደቂቃ አያባክኑም ነበር።

ገመዱ ላይ

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደገና ሰቀልናቸው። ሁሉም አልተሳካም። ሦስት ልጆች ወደ ሽክርክሪቱ ሰማይ ተመለሱ፤ የሚያውቁት እሱን ነው፣ የተሞገሱትም በእሱ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች ድንበራቸው ላይ እስከ መጨረሻው ጭቃ ናቸው። ከፊተኛው ዙር ጋር ሲነጻጸርም ክፍሉ በአጠቃላይ "ያነሰ የሚያምር" ነው፤ ሰው እንዲያደንቀው ብቻ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ 24 ይሻላሉ። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ ስትሄዱ መጀመሪያ ላይ የሚያሳፍር የሚመስል ሥራ ይመጣል።

ነጥብ የሰጠሁት በሥዕሉ ውበት አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ነገር እንዲነግረኝ ጠየቅኩ፦ የትኛውን ቀለም ከየትኛው ጎን አስቀመጥክ፣ ለምን? ከ24ቱ 19ኙ ሥዕላቸው ላይ አንድ ቦታ በጣት እየነኩ ምክንያት ሰጡ። በመጀመሪያው ዙር ይህን ብጠይቅ መልሱ "አንተ ስላልከን" ነበር የሚሆነው።

ለመስኮቱ ቅርብ የተሰቀሉትን ላወርድ ስል አንዷ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፀሐይ ቀለም ይበላል አልኳት። ቫን ጎ በ1888 አርል ውስጥ የሣለው የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ ነው። ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን ግድግዳው ፈዛዛ ሐምራዊ ነው ይላል። ውስጡ የነበረው ቀይ በብርሃን እየከሰመ ሄዶ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ሐምራዊ እንደነበር በቀላሉ የምናውቀው የቀለሞቹን ስም ስለጻፈ ነው።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና እርሳስ አነሳች። ሥዕሏን ገልብጣ ከኋላው የተጠቀመችባቸውን ቀለሞች መጻፍ ጀመረች። ሌሎቹም አዩዋት። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ወረቀቱን ገልብጦ ይጽፍ ነበር።

ያ ልጅ የራሱን ከገመዱ ላይ አወረደ። በቀጥታ ሄዶ ነው ያወረደው። ከኋላው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ሰማይ፦ ብርቱካናማ። ኮረብታ፦ ሰማያዊ። በመሐላቸው፦ ምንም።"